ባዶ ቦርሳ ይዤ የወጣሁባቸው ስምንት ወራት

ላፕቶፑን የሸጥኩት ከሥራ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ነው። ቦርሳውን ግን አልሸጥኩትም። ቦርሳው ያስፈልገኝ ነበር። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ፣ ያንን ጥቁር ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። ውስጡ ያለው ጃንጥላ፣ ጥቂት የሲቪ ኮፒና ባለቤቴ የቋጠረችልኝ ምሳ ነው። ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እላለሁ። «ሥራ እንዴት ይዞሃል?» ሲሉኝ «ይመስገን» እላለሁ። አልዋሸሁም። እውነቱንም አልተናገርኩም።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዲስ አበባ አልቃ እርሻው ሊጀምር ሲል። እጣው የደረሰን ጊዜ ዘመድ አዝማዱ እልል ብሏል። የ20/80 ቤት ነው፤ ሃያ በመቶውን እኛ ቆጥበን፣ ሰማንያውን ባንክ አበድሮን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አንዴ «የቤት ባለቤት» ከተባልክ በኋላ ተቸገርኩ ብትል የሚያምንህ የለም። ተከራይ ሲቸግረው ያወራል። ባለቤት የተባለው ግን የወር እዳው ጉሮሮውን አንቆት እንኳ ፈገግ ይላል።

የምሠራው በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ግዥ ክፍል ነበር። ዶላር ጠፋ፣ ዕቃ መግባት አቆመ፣ ከዚያ ሰው መቀነስ ተጀመረ። ከተቀነሱት አንዱ እኔ ሆንኩ። ለባለቤቴ የዚያኑ ማታ ነገርኳት። ለልጆቹ፣ ለጎረቤትና ለእድሩ ግን «ለጊዜው እንዳንናገር» ተባባልን። ጊዜው ስምንት ወር ሆነ።

ይህን የምጽፈው አሁን እንደዚያ እያደረገ ላለ ሰው ነው። መካሪ አይደለሁም። አፋችንን ያስከፈተን ነገር ግን ያልጠበቅነው ስለሆነ ልንገራችሁ፤ ፊልም ነው።

መጀመሪያ የማስመሰሉን ነገር ላውራ። ማስመሰል ራሱ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም እንጂ። ታክሲው ውስጥ የሰፈር ሰው ካለ ሳሪስ ድረስ እሄዳለሁ። ከሌለ ቱሉ ዲምቱ ወርጄ ሒሳቡን እቆጥባለሁ። የሥራ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ሲቪ አስገባለሁ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ቦርሳ የያዙ ሌሎች ሰዎችም እዚያ ይቀመጡ ነበር። ሰላም አንባባልም። ስልኬ ላይ ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሚጮህ አላርም ሞልቻለሁ፤ ድምፁ የጥሪ ድምፅ ነው። ቅዳሜ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ሳለሁ ይጮሃል። አነሳና «እሺ፣ ሰኞ እንነጋገርበታለን» ብዬ እዘጋለሁ። ከማን ጋር? ከማንም።

ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዶሮ መግዛት አልቻልንም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የዓመት በዓል ዋዜማ ኮሪደሩ በሙሉ ሽንኩርት በሽንኩርት ይሆናል። የማን ቤት ምን እንደተሠራ አፍንጫ ይናገራል። እሷ ሽንኩርት ብቻ ገዛች። ትልቁን ድስት ጣደችና ስታቁላላ ዋለች። በርበሬውን ስትጨምር በሩን ገርበብ አደረገችው። ሆን ብላ ነው። መጨረሻ ላይ አራት እንቁላል ቀቅላ ጨመረችበት። ትንሹ ልጄ በጭልፋ ድስቱን አማስሎ አማስሎ «እማዬ፣ ዶሮዋ የት ገባች?» አለ። «ለእንግዳ አስቀምጫት ነው» አለችው። እንግዳ አልመጣም።

የፊልሙን ነገር የጀመረችው ትልቋ ልጄ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከጓደኛዋ በፍላሽ «ፓራሳይት»ን ይዛ መጣች። የኮሪያው የቦንግ ጁን-ሆ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ አራት ኦስካር የወሰደው። ትንሹን አስተኝተን ሦስታችን ተቀመጥን። ባለቤቴ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለማትደርስበት ልጄ በአማርኛ እያነበበች ታሰማት ነበር።

ፊልሙን ያላያችሁ፣ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ይኖራል። የፒዛ ካርቶን እያጣጠፉ ነው የሚተዳደሩት። አንድ በአንድ እየዋሹ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ መስለው፣ አንድ ሀብታም ቤት ይቀጠራሉ። አለባበሱን ቻሉበት፣ አነጋገሩን ቻሉበት። ያልቻሉት ሽታውን ነው። የሀብታሙ ትንሽ ልጅ «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሸታሉ» ይላል። ሽታው የቤቱ ነው፤ በሳሙና አይለቅም።

እዚያ ጋ ስንደርስ ልጄ ማንበቡን አቆመች። ቀና ብዬ ሳይ የሹራቧን አንገት ወደ አፍንጫዋ ስባ እያሸተተች ነው። የመብራቱን ካርድ ለመቆጠብ በረንዳ ላይ በከሰል ነበር የምናበስለው። ልብስም የሚሰጣው እዚያው ነው። እንዳየኋት ስታውቅ አንገቱን ለቀቀችውና ማንበቧን ቀጠለች። ማናችንም ምንም አላልንም። ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፊልሙን ለትንንሽ ልጆች እንዳታሳዩ፤ መጨረሻው ደም ነው። ለትልልቆች ግን አሪፍ መጀመሪያ ነው፤ ስለሚያስቅ። የሚያስቅ ነገር ሰውን ሳይታወቀው ያስገባዋል።

ከዚያ ሌላ መፈለግ ጀመርኩ። ሰፈራችን ውስጥ በፍላሽ ፊልም የሚጭን ልጅ አለ። «ድሃ ሆኖ ድህነቱን የሚደብቅ ቤተሰብ ያለበት ፊልም» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና «ጋሼ፣ ኮሜዲ ልጫንልህ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እሱም አይፈረድበትም። ብዙዎቹ የእኛ ፊልሞች ድህነትን የሚያሳዩት ወይ ጎዳና ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ ድሃው ልጅ የባለ ቪላውን ልጅ ወድዶ ነው። ከውጭ አንድ ዘመድ ይመጣና ነገሩ ይፈታል። ሸሚዙ የተተኮሰ ችግርተኛ ብዙም አይታይባቸውም። ቲቪውም ቢሆን፣ ቃና እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ባስለመደን የቱርክ ድራማ ውስጥ ሰው የሚያለቅሰው ሰፊ ሳሎን ውስጥ ነው።

ቀስ በቀስ ግን ተገኙ። ሁለተኛው «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው የጣሊያን ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ባለቤቴ «ይሄን የአያቴን ዘመን ነገር» ብላ ስታጉረመርም ነበር የተቀመጠችው። ሰውየው ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይፈልጋል፤ ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ተይዟል። ሚስቱ አንድ ቃል ሳታበዛ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋ፣ ጠቅልላ ወስዳ ታስይዘዋለች። ከዚያ ካሜራው የመያዣ ቤቱን መጋዘን ያሳያል። አንድ ሠራተኛ የእነሱን ጥቅል ይዞ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል። እስከ ጣሪያ ድረስ የሌላ ሰው አንሶላ ነው።

ባለቤቴ ዓይኗን ከቲቪው ሳታነሳ «ሀብሌ እኮ ጥገና አይደለም ያለው» አለች።

ከአራት ወር በፊት የአንገት ሀብሏ ተበጥሶ ወርቅ ቤት ሰጥቼዋለሁ ብላኝ ነበር። እኔም አምኜ ረስቼዋለሁ። ለካ ሸጣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ከፍላለች። እኔ ደግሞ የተከፈለው ከመሥሪያ ቤት በተሰጠኝ ስንብት ላይ ካስቀመጥነው መስሎኝ ነበር። ሁለታችን አንድ ላይ ሆነን ከሰው እየደበቅን ነው ስል፣ እሷ ከእኔም ትደብቅ ነበር። እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም። ከአንድ ጓደኛዬ የተበደርኩትን አልነገርኳትም። ለፋሲካ ቅርጫ የገባሁት በዚያ ብድር ነው። ጎረቤት ከበሬው ሙሉ መደብ ሲወስድ እኔ እንዴት ቀርቼ? ነገርኳት። ፊልሙን ሳንጨርስ መሸ። በማግስቱ ጨረስነው።

ያ ፊልም ውስጥ ሌላም የማይረሳኝ ቦታ አለ። አባትየው ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት ልጁን ይዞ ምግብ ቤት ይገባል። ወይን ያዛል፣ ለልጁ አይብ ያለበት ጥብስ ዳቦ ያዛል። ከጎናቸው የሀብታም ቤተሰብ ተቀምጧል። አንድ ልጅ የእነሱን ልጅ ገልመጥ እያደረገ ይበላል። አባትየው እንደነሱ ለመብላት በወር አንድ ሚሊዮን ማግኘት አለብን ይለዋል። ከዚያ እርሳስ አውጥቶ የጠፋበትን ደመወዝ ከልጁ ጋር ማስላት ይጀምራል። እኔም ከሥራ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ልጆቹን ኬክ ቤት ወስጄ የሳምንት የአስቤዛ ብር አጥፍቻለሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር። በነገራችን ላይ አባትየውን ሆኖ የሠራው ሰውዬ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ነገር የተማረው አይደለም።

ሦስተኛው፣ ቤታችንን የገለበጠው፣ «የሰማይ ልጆች» ነው። የኢራኑ ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 ሠራው። ይሄንን ከትንሹ ጋር አየነው። ልጆች ላሏችሁ የምመክረው እሱን ነው። አንድ ልጅ የእህቱን ጫማ ከሰፊ ተቀብሎ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ የሚገዛበት እንደሌለው ስለሚያውቁ አይነግሩትም። ትምህርቱ በፈረቃ ነው። እህትየው ጠዋት የእሱን ሸራ ጫማ አድርጋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ መንገድ ላይ ትሰጠዋለች፤ እሱ እየሮጠ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ያወሩት በአፍ አይደለም። አባትና እናት እዚያው ክፍል ስላሉ፣ የቤት ሥራ የሚሠሩ መስለው ደብተር ላይ እየጻፉ ይመላለሳሉ። አባትየው ደግሞ ለመስጊድ የመጣ የስኳር ክምር ፊት ለፊቱ አድርጎ ይከካል። የራሱን ሻይ ሲጠጣ ግን ከክምሩ አይነካም። አደራ ነው።

ልጄ እንደ ልማዷ እያነበበች ነው። ልጅየው ደብተሩ ላይ ለአባዬ እንዳትነግሪ ሲላት፣ ልጄ ያንን በራሷ አፍ፣ በራሷ ድምፅ አነበበችው። አነበበችና ድምጿ ተሰበረ። ትንሹ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። ተነስታ ከክፍሏ ደብተር ይዛ መጣች። ከመሃሉ አንድ ወረቀት አወጣች። ወደ ቢሾፍቱ የሚደረግ የትምህርት ቤት ጉዞ የፈቃድና የክፍያ ወረቀት ነው። ያ ጉዞ «ቀርቷል» ብላን ነበር። አልቀረም። ክፍላቸው ሄዷል። እሷ ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት ውላ ማታ መጣች።

«አባዬ፣ አንድ ቀን ቦርሳህን ሳቀብልህ ቀለለኝ» አለች።

ከመቼ ጀምሮ ነው ስላት፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት አለችኝ። ያኔ ልጄ ስታውቅ አምስት ወር አልፏታል። እኛ ከልጆቹ እንደብቃለን ስንል ልጆቹ ከእኛ ይደብቁ ነበር። ማወቋን እንዳናውቅ ትጠነቀቅ ነበር። ስለ ምንም ነገር አልጸጸትም ብል እዋሻለሁ፤ የምጸጸተው ግን በቦርሳው አይደለም፤ በዚያ ወረቀት ነው።

አራተኛውን ከባለቤቴ ጋር ብቻችንን አየነው። «ቶኪዮ ሶናታ» ይባላል፤ የጃፓኑ ኪዮሺ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው። ሰውየው ከሥራ ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሱፉን ለብሶ ቦርሳውን ይዞ ከቤት ይወጣል። ፓርክ ውስጥ ለነፃ ምግብ ከቤት አልባዎች ጋር ይሰለፋል። እዚያ የድሮ ጓደኛውን ያገኛል። ጓደኛውም ያው ነው፣ ግን ልምድ አለው። ስልኩ በሰዓት አምስት ጊዜ በራሱ እንዲጠራ አድርጎታል። ስልኩ ሲጠራ ተነስቶ በትልቅ ሰው ድምፅ ያወራል።

ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እኔም አልቻልኩም። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። «አንተ በቀን አንዴ ብቻ ነው፤ እሱ ይበልጥሃል» አለችኝ። እንደዚያ ከሳቅን ወራት አልፎን ነበር። ግን ፊልሙ እዚያ አይቆምም። የዚያ ጓደኛና የሚስቱ መጨረሻ ሞት ነው። እዚያ ጋ ሳቃችን ቀጥ አለ። ባለቤቴ እጄን ይዛ «እንደሱ እንዳታደርገኝ» አለችኝ። አላሰብኩም ብዬ አልመለስኩላትም። ዝም ነው ያልኩት። እሷም ዝምታዬን ሰማችው። ስለዚህ ይሄንን ፊልም ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ሌሊት፣ ሆዳችሁ ሲከፋው አትዩት። ሰው አጠገባችሁ ይኑር። እንዲህ ያለ ሐሳብ በራሳችሁ ላይ ከመጣም ለሚቀርባችሁ ሰው የዚያኑ ቀን ተናገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ።

«ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ»ንም አይተናል፤ ዊል ስሚዝ ከልጁ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው። ቤት የሌለው ሰው ያለ ደመወዝ ልምምድ ላይ ሆኖ፣ አለቃው ለታክሲ አምስት ዶላር ሲጠይቀው ከሌለው ላይ አውጥቶ ይሰጣል። ያ ቦታ እውነት ነው፤ ደረቴን ወጋኝ። መጨረሻው ግን አልተስማማኝም። እውነተኛ ታሪክ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሥራ አጥ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ፊልም ሲያይ «እሱ ከቻለ አንተስ?» የተባለ ይመስለዋል። ሥራ ካገኛችሁ በኋላ እዩት።

እንግዲህ እንዴት እንደምናይ ከጠየቃችሁኝ፣ ዋናው ነገር «ይኸው፣ እኛን ነው የሚመስሉት» አለማለት ነው። ያልከው ቀን ሁሉም ይዘጋል። ስለ ሰውየው ጠይቁ፤ «ለምን አልነገራትም?» በሉ። መልሱ በራሱ ጊዜ ወደ ቤት ይመጣል። መሃል ላይ ሰው ተነስቶ ቢወጣ አትከተሉት፤ ፊልሙንም አታቁሙ። እኔ በረንዳ ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ገብቻለሁ፤ ባለቤቴ እንዳላየች ሆነች። ደግሞ ቆሎ ይኑር። አፍ ሥራ ሲኖረው ዝምታው አይከብድም።

ለልጆቹ በይፋ የተናገርነው ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። ማታ የተነገረ ነገር ልጅን እንቅልፍ ይነሳል ብላ ባለቤቴ ነች ያዘገየችው። ወረቀት አወጣሁና እንደዚያ ጣሊያናዊ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ምን እንደቀረን፣ ባንክ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚቀየር። ቤቱ አይሸጥም። ትምህርት አይቋረጥም፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ትዛወራላችሁ። ትልቋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ትንሹ ብዙ አስቦ «ሳምቡሳስ?» አለ። ሳምቡሳ ዓርብ ዓርብ ይቀጥላል ተባለ።

ከጎረቤት መጀመሪያ የነገርኩት ሁለተኛ ፎቅ ለሚኖሩት እማማ ነው። የእድራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ቡና አፍልተው ሰሙኝ። ስጨርስ «ልጄ፣ ዛፍ ሥር ስትቀመጥ አይቼሃለሁ እኮ፤ እኔ የምሳለመው ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ስትሸፍነው እኔ እንዴት ልግለጠው?»

ምን ትላላችሁ? ገበና መሸፈን ነውር ነው ማለት አልችልም፤ እሳቸው የሸፈኑልኝ በፍቅር ነው። ግን አራት ወር ሙሉ እሳቸው እንዳላዩ ሆነው ሲያልፉ፣ እኔ እንዳልታየሁ ሆኜ ስቀመጥ፣ ሁለታችንም ደክመናል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ናቸው ሰው የላኩልኝ። ብሎካችን ውስጥ ገና ወለል ያላስነጠፉ፣ በር ያላስገጠሙ ብዙ ሰዎች አሉ። መርካቶ ሄደው መዋከቡን ይፈሩታል። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ግዥ ነው፤ የሴራሚክ ዋጋ ከየትኛው በር እንደሚረክስ አውቃለሁ። ለአንዱ ገዛሁለት፣ ከዚያ ሁለተኛው ጠራኝ። ቋሚ ነገር አይደለም። አንዳንድ ወር ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ወር እጅ ያጥራል። የጓደኛዬን ብድር ገና አልጨረስኩም። ሀብሉም አልተመለሰም።

ለገና ቅርጫ ስንጠየቅ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «እኛ ግማሽ መደብ ነው የምንችለው፤ የሚጋራን ካለ» አለች። ማታውን ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት አንኳኳ። የእሱም ቤት ግማሽ ይበቃው እንደሆነ ባለቤቱን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር፤ ይበቃዋል።

ቦርሳው አሁንም አለ። ሜትርና የሴራሚክ ናሙና ስለምይዝበት ከድሮው ይከብዳል። አላርሙን ግን አላጠፋሁትም፤ ረስቼው ነው መጀመሪያ፣ አሁን ደግሞ ትንሹ አያስነካም። አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮሃል። ቤት ካለን ሮጦ ያነሳና ጉሮሮውን ጠርጎ «ሃሎ፣ አባዬ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሰኞ ይደውሉ» ይላል። ከዚያ ይዘጋና እኛን ያየናል፤ ካልሳቅን እንደገና ይደውላል።